ኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድ፦ የሰማይን ጨለማ በመስታወት ሰሌዳ ላይ ያነበበው ተመራማሪ

ጨረቃ በሌለችበት ጥርት ያለ ሌሊት፣ ከከተማ ብርሃን ርቆ ወደ ሰማይ የተመለከተ ሰው ፍኖተ ሐሊብ በመባል የሚታወቀውን፣ ከአድማስ እስከ አድማስ እንደ መቀነት የተዘረጋውን ነጣ ያለ ብርሃን ማየቱ አይቀርም። ልብ ብሎ ለተመለከተው ደግሞ በዚሁ መቀነት ውስጥ ከዋክብት የጠፉባቸው የሚመስሉ ጥቁር ሥፍራዎችና ስንጥቆች ይታያሉ። እነዚህ ጥቁር ሥፍራዎች በከዋክብት መካከል የተከፈቱ ባዶ ቀዳዳዎች ናቸው ወይስ ከበስተጀርባቸው ያለውን ብርሃን የከለለ አንዳች ቁስ አካል አለ? ይህ ጥያቄ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎችን ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ሲያነጋግር ቆይቷል።

ለጥያቄው መልስ መገኘት ከፍተኛ አስተዋጽኦ ካደረጉት ተመራማሪዎች መካከል አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድ በቀዳሚነት ይጠቀሳል። ባርናርድ ወደ መልሱ የደረሰው ሰማይን በዓይኑ በማየት ብቻ አልነበረም። ለሰዓታት ብርሃን ያጠራቀሙ የመስታወት ሰሌዳዎችን በጨለማ ክፍል ውስጥ እያጠበ ባወጣቸው ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች አማካይነት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ ከሙያው ጋር አያይዞ ለአንባብያን ማስተዋወቅ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና የመጀመሪያው ሥራ

ባርናርድ በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት በናሽቪል ከተማ ዲሴምበር 16 ቀን 1857 ተወለደ። አባቱ ልጁ ከመወለዱ በፊት በመሞታቸው እርሱንና ወንድሙን የማሳደግ ኃላፊነት በእናቱ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ልጅነቱ ያለፈው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከተማዪቱን ባራቆተበት ዘመን ነበር። በመደበኛ ትምህርት ቤት የተማረው ለሁለት ወራት ያህል ብቻ ሲሆን፣ ማንበብና መጻፍ ያስተማሩት እናቱ ናቸው።

ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ቤተሰቡን ለመደገፍ በናሽቪል በሚገኝ አንድ ፎቶግራፍ ቤት ተቀጠረ። በዚያ ዘመን የፎቶግራፍ ማተሚያ ወረቀት ብርቱ ብርሃን ይፈልግ ስለነበር ፎቶግራፍ የሚያጎሉ መሣሪያዎች የሚሠሩት በፀሐይ ብርሃን ነበር። በፎቶግራፍ ቤቱ ጣሪያ ላይ የተተከለውና ጁፒተር የሚል ስም የተሰጠው ግዙፍ ማጉያ፣ ሌንሱ ቀኑን ሙሉ ከፀሐይ ፊት እንዳይወጣ በእጅ እየተዘወረ መከተል ነበረበት። የባርናርድ ሥራ ይህንኑ መሣሪያ ሳይሰለች ማዞር ነበር። ከእርሱ በፊት የተቀጠሩት ልጆች በፀሐዩ ሙቀትና በሥራው አሰልቺነት እንቅልፍ እያሸነፋቸው ሥራውን አልቻሉትም። ትንሹ ባርናርድ ግን ፀሐይን በዓይኑ እየተከተለ፣ መንኮራኩሩን በእጁ እያዞረ ጸና። ፀሐይ ከሰማይ መካከል የምትደርስበት ጊዜ ከሰዓት ቆጣሪው ጋር ሁልጊዜ እንደማይገጥም ያስተዋለውም በዚህ ሥራ ላይ እያለ ነበር።

በዚያው ፎቶግራፍ ቤት ለ17 ዓመታት ያህል ሲሠራ ሥዕል ማንሣትን፣ ማጠብንና ማተምን ደረጃ በደረጃ ተማረ። ሌንስ ብርሃንን እንዴት እንደሚሰበስብ፣ ኬሚካል ብርሃን የነካውንና ያልነካውን እንዴት እንደሚለይ አወቀ። ኋላ ስሙን ያስጠራው የሰማይ ፎቶግራፍ መሠረቱ የተጣለው በዚህ የእጅ ሙያ ላይ ነው።

ከዋክብትን ወደ ማጥናት

በ1876 አንድ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ገንዘብ ተበድሮት መጽሐፍ በመያዣነት ሰጠው። ተበዳሪው ገንዘቡን ሳይመልስ ቀረ፤ መጽሐፉም በባርናርድ እጅ ቀረ። ገልጦ ሲመለከተው የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ሆኖ አገኘው። በውስጡ የነበረውን የከዋክብት ካርታ በመስኮቱ ከሚያየው ሰማይ ጋር ሲያስተያይ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ስማቸውን ሳያውቅ ይመለከታቸው የነበሩ ከዋክብት ስም እንዳላቸው ተረዳ።

ብዙም ሳይቆይ የፊት ሌንሱ 5 ኢንች (12.7 ሴንቲ ሜትር) ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ በ380 ዶላር ገዛ። ይህ ገንዘብ ከዓመት ደመወዙ ውስጥ አብዛኛውን የሚወስድ ነበር። በ1877 የአሜሪካ የሳይንስ ማኅበር ጉባኤ በናሽቪል ሲካሄድ በዘመኑ ታዋቂ ከነበረው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሳይመን ኒውኮም ጋር ተገናኘ። ኒውኮም ሒሳብ ካላጠና በዘርፉ ረጅም ርቀት መጓዝ እንደማይችል በግልጽ ነገረው። ምክሩ ለወጣቱ መራራ ነበር፤ ነገር ግን ተስፋ ከመቁረጥ ይልቅ ቀን በፎቶግራፍ ቤት እየሠራ፣ ማታ ሒሳብ እያጠና፣ ሌሊት ደግሞ ሰማይን እየቃኘ ኑሮውን ቀጠለ።

በ1881 ከሥራ ባልደረቦቹ እኅት ከሮዳ ካልቨርት ጋር ትዳር መሠረተ። በዚሁ ዓመት ጅራታም ኮከብ አገኘ። በዚያን ጊዜ አንድ ባለጸጋ አዲስ ጅራታም ኮከብ ላገኘ አሜሪካዊ 200 ዶላር ይሸልም ስለነበር፣ ባርናርድ በተከታታይ ባገኛቸው ጅራታም ከዋክብት ሽልማት የቤቱን ዕዳ መክፈል ቻለ። የናሽቪል ነዋሪዎችም ቤቱን የጅራታም ኮከብ ቤት ብለው ሰየሙት። በ1883 የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የተማሪነትና የምልከታ ሥራ ዕድል ስለሰጠው፣ ሁለት ወር ብቻ የተማረው ሰው በ25 ዓመቱ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ረገጠ።

በሊክ የምልከታ ማዕከል

በ1888 በካሊፎርኒያ ሃሚልተን ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተገነባው የሊክ የምልከታ ማዕከል ሥራ ሲጀምር ባርናርድ ከመጀመሪያዎቹ ተመራማሪዎች አንዱ ሆነ። ማዕከሉ በዘመኑ በዓለም ትልቁ የሆነ፣ 36 ኢንች (91 ሴንቲ ሜትር) ስፋት ያለው የሌንስ ቴሌስኮፕ ነበረው። ባርናርድ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1892 በዚሁ ቴሌስኮፕ አምስተኛዋን የጁፒተር ጨረቃ አገኘ። ጋሊሊዮ በ1610 አራቱን ጨረቃዎች ካገኘ በኋላ ሌላ የጁፒተር ጨረቃ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በልጅነቱ ጁፒተር የተባለውን መሣሪያ ሲያዞር የኖረ ሰው ከጁፒተር አጠገብ አዲስ ዓለም ማግኘቱ የብዙዎችን ትኩረት ስቧል።

ይሁን እንጂ ለጽሑፋችን ዋነኛ የሆነው ሥራው የተከናወነው ከግዙፉ ቴሌስኮፕ በብዙ እጅ በሚያንስ መሣሪያ ነበር። ይህም ቀድሞ በፎቶግራፍ ቤት የሰው ፊት ለማንሣት ያገለግል የነበረ፣ 6 ኢንች (15 ሴንቲ ሜትር) ስፋት ያለው ዊላርድ የተባለ ሌንስ ነው። ግዙፉ ቴሌስኮፕ በጣም ጠባብ የሆነ የሰማይ ክፍል በብዙ አጉልቶ ሲያሳይ፣ የፎቶግራፍ ቤቱ ሌንስ ግን ሰፊ የሰማይ ክፍል በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ ፈዛዛና የተንሰራፋ ብርሃንንም በአጭር ርቀት ላይ አከማችቶ ደመቅ ያደርጋል። ፍኖተ ሐሊብን የመሰለ ሰፊ ነገር ለማንሣት የሚያስፈልገው ይህ ነበር። ባርናርድ ከ1889 ጀምሮ በዚህ ሌንስ ያነሣቸው ፎቶግራፎች የከዋክብት ደመናዎችንና በመካከላቸው ያሉትን ጥቁር ሥፍራዎች ከዚያ በፊት ባልታየ ጥራት አሳዩ። በኦክቶበር 1892 ደግሞ በዚሁ መንገድ በፎቶግራፍ አማካይነት ጅራታም ኮከብ በማግኘት የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

የጨለማ ክፍሉ ሥራ

የባርናርድን ድካም ለመረዳት የዘመኑን የፎቶግራፍ አሠራር በአጭሩ መመልከት ያስፈልጋል። የሰማይ ፎቶግራፍ ይነሣ የነበረው በመስታወት ሰሌዳ ላይ ነው። የሰሌዳው አንድ ገጽ የብር ውሕድ ደቃቅ ቅንጣቶች በተበተኑበት ጄላቲን ይለበጣል። የሰው ዓይን ብርሃንን አያጠራቅምም፤ አንድ ደቂቃ ቢመለከትም አንድ ሰዓት ቢመለከትም የሚያየው ያንኑ ነው። ሰሌዳው ግን የሚደርስበትን ብርሃን ከቅንጣቶቹ ውስጥ ያስቀራል፤ በመሆኑም በሰዓታት ብዛት ዓይን ከቶ የማያየውን ይመዘግባል።

ይህ ጥቅም ዋጋ ያስከፍላል። መሬት በዛቢያዋ ስለምትዞር ከዋክብት ያለማቋረጥ ቦታቸውን የሚለውጡ ይመስላሉ። ተመራማሪው በመምሪያ ቴሌስኮፕ አንድ ኮከብ መርጦ፣ በመስቀለኛ ክር መሐል ላይ ሳይናወጥ እንዲቆይ መሣሪያውን በእጁ እያስተካከለ ለሰዓታት መቀመጥ አለበት። ለአፍታ ቢዘናጋ ከዋክብቱ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ ጭረት ይሆናሉ። በተጨማሪም ብርሃኑ በጣም ደካማ ሲሆን የሰሌዳው የመቀበል ብቃት ስለሚቀንስ፣ ጊዜውን በእጥፍ ማሳደግ ውጤቱን በእጥፍ አያሳድገውም። በልጅነቱ ቀኑን ሙሉ ፀሐይን የተከተለው እጅ አሁን ሌሊቱን ሙሉ አንዲት ኮከብ መከተል ነበረበት።

ከሌሊቱ ሥራ በኋላ የሚቀጥለው የማጠብ ተግባር ነው። የዘመኑ ተራ ሰሌዳዎች ለቀይ ብርሃን እምብዛም ስለማይነቁ በጨለማ ክፍሉ ውስጥ ደብዛዛ ቀይ መብራት ይፈቀዳል። ሰሌዳው በመጀመሪያ ምስሉን በሚያወጣው ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል፤ ፈሳሹም ብርሃን የነካቸውን ቅንጣቶች ወደ ጥቁር ብር ይለውጣል። ቀጥሎ ሃይፖ በተባለው ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ ብርሃን ያልነካቸው ቅንጣቶች ሟሙተው ይወጣሉ። በመጨረሻም በንጹሕ ውኃ ለረጅም ጊዜ ታጥቦ እንዲደርቅ ይደረጋል። በዚህ ሁኔታ በተገኘው ኔጋቲቭ ላይ ኮከብ ጥቁር ነጥብ፣ ጨለማው ሰማይ ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ መስታወት ሆኖ ይታያል።

እያንዳንዱ እርምጃ ለስሕተት የተጋለጠ ነው። ሰሌዳው ቀደም ብሎ ከፈሳሹ ከወጣ ፈዛዛዎቹ የጋዝ ደመናዎች ሳይታዩ ይቀራሉ። ከመጠን በላይ ከቆየ ደግሞ ሰሌዳው በሙሉ ይጠቁርና ደመና ያለ የሚያስመስል ጭጋግ ይፈጠራል። ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ ሥራው ይጓተታል፤ ሲሞቅ ጄላቲኑ ይለሰልሳል። ደማቅ ኮከብ ብርሃኑ በመስታወቱ ጀርባ ነጥሮ በዙሪያው ሐሰተኛ ቀለበት እንዳይሠራ የሰሌዳው ጀርባ በጥቁር ነገር ይቀባል። ከሁሉም በላይ አሳሳቹ ግን የአየር አረፋ ነው። አንዲት አረፋ በሰሌዳው ላይ ተለጥፋ ፈሳሹን ከከለከለች፣ በዚያ ቦታ ምስል ሳይወጣ ይቀርና ከዋክብት የሌሉበት ክብ ሥፍራ ይመስላል። ጥቁር ሥፍራዎችን ለሚያጠና ተመራማሪ ከዚህ የከፋ አሳች የለም። ስለዚህ አንድን የሰማይ ክፍል ደጋግሞ ማንሣትና ሰሌዳዎቹን ማነጻጸር የማይታለፍ ግዴታ ነበር።

የብሩስ ቴሌስኮፕና የዊልሰን ተራራ

ባርናርድ በ1895 በዊስኮንሲን ግዛት በዊልያምስ ቤይ ወደሚገኘው፣ በዚያን ጊዜ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ወደነበረው የየርክስ የምልከታ ማዕከል ተዛወረ። ለሰፊ ሰማይ ፎቶግራፍ ብቻ የሚሆን መሣሪያ የማግኘት ምኞቱም ወይዘሪት ካትሪን ዎልፍ ብሩስ በለገሱት 7,000 ዶላር እውን ሆነ። በ1904 የተጠናቀቀው የብሩስ ቴሌስኮፕ በአንድ መትከያ ላይ የተገጠሙ 10 ኢንችና 6.25 ኢንች ስፋት ያላቸው ሁለት የፎቶግራፍ ሌንሶች ከመምሪያ ቴሌስኮፕ ጋር ነበሩት። ሁለቱ ሌንሶች በአንድ ጊዜ በሁለት ሰሌዳዎች ላይ ሥዕል ስለሚያነሡ፣ በሁለቱም ላይ በአንድ ቦታ የታየ ነገር የእጥበት ጉድለት ነው ተብሎ ሊጠረጠር አይችልም።

በ1905 መሣሪያው ለጊዜው ወደ ካሊፎርኒያ ዊልሰን ተራራ ተወሰደ። ባርናርድ በዚያ ለወራት ቆይቶ ከየርክስ በጥሩ ሁኔታ የማይታየውን የደቡብ ሰማይ ፍኖተ ሐሊብ አነሣ። ኋላ በአትላሱ ውስጥ ከተካተቱት ሥዕሎች አብዛኞቹ የተገኙት በዚህ ቆይታ ነው።

ቀዳዳ ወይስ ደመና?

በ18ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ዊልያም ሄርሼል ከዋክብት የጠፉባቸውን ሥፍራዎች በከዋክብት መካከል እንደተከፈቱ ባዶ ሥፍራዎች አድርጎ ተመልክቷቸው ነበር። ባርናርድም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከዚህ አስተሳሰብ አልራቀም። ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። ጥቁሮቹ ሥፍራዎች ብርሃን የሚከልሉ ደመናዎች ከሆኑ፣ በከዋክብት መካከል ያለው ሕዋ ጥርት ያለ ነው የሚለው እምነት ይናጋል፤ በዚህ እምነት ላይ የተመሠረቱት የከዋክብት ቆጠራዎችና የርቀት ስሌቶችም መታረም ይኖርባቸዋል።

የራሱ ሰሌዳዎች ግን ቀስ በቀስ ጥርጣሬ አሳደሩበት። ሮ ኦፊዩኪ በተባለው ኮከብ ዙሪያ ያነሣቸው ሥዕሎች ፈዛዛ ብርሃን ያለው የጋዝ ደመናና ረጃጅም ጥቁር መስመሮች እርስ በርስ ተያይዘው አሳዩ። የሚያበራው ደመና በሚገኝበት ሥፍራ ከዋክብት ቁጥራቸው ይቀንስ ነበር። ይህ ግንኙነት በአጋጣሚ የተፈጠረ ነው ለማለት አዳጋች ነው። በ1913 ደግሞ ጨረቃ በሌለችበት ጥርት ያለ ሌሊት በብሩስ ቴሌስኮፕ ሲሠራ፣ ጥቃቅን የምድር ደመናዎች በፍኖተ ሐሊብ ፊት ሲያልፉ ጥቁር ነጠብጣብ መስለው ተመለከተ። በሰሌዳዎቹ ላይ ለዓመታት ሲያያቸው የኖሩት ጥቁር ሥፍራዎችም መልካቸው ይህንኑ ይመስል ነበር።

ባርናርድ በ1919 በአስትሮፊዚካል ጆርናል ባወጣው ጽሑፍ 182 ጥቁር የሰማይ ሥፍራዎችን ዘርዝሮ፣ ብዙዎቹ ብርሃን የሚከልሉ ቁስ አካላት ስለመሆናቸው ማስረጃውን አቀረበ። ሁሉም ጥቁር ሥፍራ ደመና ነው ብሎ ግን በጅምላ አልደመደመም። የሙያ ልምዱ ያስተማረው ሰሌዳው ከሚያሳየው በላይ አለመናገርን ነበር። የቀድሞ ሰሌዳዎቹን ጠብቆ ማቆየቱም በሌላ መስክ ፍሬ አፍርቷል። በ1916 ሰሌዳዎችን ሲያነጻጽር በዓመት 10.3 የቅስት ሰከንድ የምትጓዝ ደብዛዛ ኮከብ አገኘ። ዛሬ የባርናርድ ኮከብ በመባል የምትታወቀው ይህች ኮከብ ከምድር 6 የብርሃን ዓመት ገደማ የምትርቅ ስትሆን፣ በሰማይ ላይ ከሚታወቁት ከዋክብት ሁሉ ፈጣኗ ናት።

አትላሱና የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ባርናርድ የፍኖተ ሐሊብን ሥዕሎች ለዓለም ለማበርከት ለረጅም ዓመታት ደከመ። ትልቁ እንቅፋት ኅትመቱ ነበር። የማተሚያ ቤቶች ቀለም በኔጋቲቩ ላይ ያለውን ረቂቅ የጥላ ልዩነት አያሳይም፤ ለጥያቄው መልስ የሚሰጠው ማስረጃ ደግሞ የሚገኘው በዚሁ ረቂቅ ልዩነት ውስጥ ነበር። በመጨረሻም እያንዳንዱ የአትላሱ ገጽ በማተሚያ ቀለም መታተሙ ቀርቶ እውነተኛ ፎቶግራፍ እንዲለጠፍበት ተወሰነ። ለ700 ቅጂዎች የተዘጋጁትን 35,700 ፎቶግራፎች ባርናርድ አንድ በአንድ መረመረ፤ ጉድለት የተገኘባቸውም እንደገና እንዲታተሙ ይደረግ ነበር።

ባለቤቱ ሮዳ በ1921 አረፉ። እርሱም ሥራው ሳይታተም ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1923 በዊልያምስ ቤይ በ65 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ፤ በትውልድ ከተማው በናሽቪልም ተቀበረ። የተጀመረውን ሥራ ከፍጻሜ ያደረሱት የየርክስ ዳይሬክተር ኤድዊን ፍሮስትና የባርናርድ ረዳት የነበረችው የባለቤቱ የወንድም ልጅ ሜሪ ካልቨርት ናቸው። አትላሱ በ1927 በዋሽንግተን ካርኔጊ ተቋም አሳታሚነት በሁለት ጥራዝ ወጣ።

ከሞቱ በኋላ

በ1930 ሮበርት ትረምፕለር በከዋክብት ክምችቶች ላይ ባደረገው ጥናት በከዋክብት መካከል ያለው ሕዋ ብርሃን በሚያደበዝዝ አቧራ የተሞላ መሆኑን አረጋገጠ። በዚህም የባርናርድ ሰሌዳዎች ያመለከቱት እውነት ጸና። ዛሬ እነዚያ ጥቁር ሥፍራዎች አዳዲስ ከዋክብት የሚፀነሱባቸው ቀዝቃዛ የጋዝና የአቧራ ደመናዎች እንደሆኑ ይታወቃል። የፈረስ ራስ ቅርጽ ያለው ዝነኛው ጥቁር ኔቡላም እስከ ዛሬ ባርናርድ 33 በሚለው የመዝገብ ቁጥሩ ይጠራል።

በአሁኑ ጊዜ የመስታወት ሰሌዳውን ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ተክቶታል። ሆኖም ብርሃንን በትዕግሥት ማጠራቀም፣ አንድን ውጤት በሌላ ማመሳከር፣ የመሣሪያን ጉድለት ከተፈጥሮ እውነት መለየት የሚሉት የሥራ መርሆች አልተለወጡም። ባዶ ነው ተብሎ የታለፈው የሰማይ ክፍል የከዋክብት መገኛ መሆኑ የታወቀው፣ ከፎቶግራፍ ቤት ጣሪያ ተነሥቶ ለሙያው በታመነ ሰው ድካም ጭምር ነው።